የሚጮኸውን መጋዝ ከመሸጥህ በፊት

ወንድሜ፣ መልእክትህን ሁለቴ አነበብኩት። በእንጨት ሥራ ተመርቀሃል፣ የብቃት ምዘናውን ሲኦሲንም አልፈሃል፣ እቁብ ሲወጣልህ ከጓደኛህ ጋር ያገለገለ የጠረጴዛ መጋዝ ገዛችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ባዶውን ሲዞር ሁሉ መጮህ ጀመረ። አሁን «በወረደ ዋጋ ሸጬው ፈርኒቸር ቤት ልቀጠር ወይ?» ትለኛለህ።

መቀጠሩን አልቃወምም። ሰው ቤት ሁለት ዓመት መሥራት ብዙ ያስተምራል። ግን በጩኸት ተደናግጠህ አትወስን። መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እወቅ፤ ቢበዛ ግማሽ ቀን ቢፈጅብህ ነው።

ሶኬቱን ንቀል። ማጥፋት አይበቃም፣ መንቀል ነው። ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩን ከዲስኩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ አውጣና ሶኬቱን መልሰህ፣ እጅህን ሰብስበህ ሞተሩን ብቻውን አስነሳው። አሁንም ከጮኸ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት። ዝም ካለ ሞተሩን ተወውና፣ እንደገና ነቅለህ ዲስኩን አውልቅ፣ ዘንጉን በጣትህ ቀስ አድርገህ አዙረው። ደህና ኩሽኔታ ድምፁ አይሰማም፤ ያለቀው ግን አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል፣ ላይ ታች ስትነቀንቀውም ይወዛወዛል። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ። 6203 የሚል ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። ለማንኛውም አዲስ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። አዲሱን ዘንጉ ላይ ስታስገባ በውስጠኛው ቀለበት በኩል ግፋው እንጂ ውጩን በመዶሻ እንዳትመታ። እኔ ወጣት ሆኜ አንዱን እንዲህ ገድዬ የሰማሁት ስድብ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ዱክ ዱክ» የሚል ከሆነ ግን ቺንጋውን ጠርጥር። ማሽኑ ወራት ቆሞ ከነበረ እንደታጠፈ ይደርቃል። እንጨት ሲነካ የባሰ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ደንዟል፣ ሙጫ ይዞታል፣ ወይም የእንጨቱ መምሪያ ከዲስኩ ጋር ትይዩ አይደለም። ይሄ የመጨረሻው አይናቅ፣ እንጨቱን ወደ ደረትህ ሊወረውረው ይችላል። «እምም» ብሎ አልነሳም ካለ ወዲያው አጥፋው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ወይም የጠፋ ፋዝ (ከኤሌክትሪክ መስመሮቹ አንዱ) ሊሆን ስለሚችል እሱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስጥ።

አሁን ወደ ሥራው ጉዳይ። ያደረግከውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍ፦ ምን ሰማህ፣ ምን ፈታህ፣ ምን ቀየርክ፣ ስንት ወጣ። ሲቪህ ላይ «በትጋት እሠራለሁ» የሚለውን አውጣና ይሄን አስገባ። ማሽን ሲቆምበት ስድስት ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ባለቤት፣ ቁም ሣጥን ከሚሠራ ልጅ ይልቅ ቁም ሣጥን ሠርቶ ኩሽኔታም የሚቀይረውን ነው የሚፈልገው፤ ደሞዝ ስትደራደርም በዚህ ነው የምትከራከረው። መሸጡ ከተመረጠም ዝም ያለ ማሽን የተሻለ ያወጣል።

እሁድ ቺንጋውን አውጥተህ የሰማኸውን ጻፍልኝ።