ቡጋንቪላው ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ? የጎጃም ጓሮ አበባ ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲቃረብ ችግኝ ጣቢያው ይጨናነቃል፤ የአበባ ጥያቄም አብሮ ይጎርፋል። የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው እየመለስኩ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ስትጠይቁኝ ከተማችሁን አትርሱ። «ጎጃም ነኝ» ብቻ ብትሉኝ መልስ የለኝም። የዓባይ በረሃም ጎጃም ነው፣ ጮቄም ጎጃም ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ለሞቃት አገር አበባ ደግሞ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እትዬ፣ ቡጋንቪላ ከተከልኩ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ገብቷል፣ አበባ ግን አላየሁበትም። ውሃ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ፍግም አላጓደልኩበትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ቡጋንቪላው ጠግቦብሽ ነው። የጠገበ ቡጋንቪላ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በዚያ ወቅት ቡጋንቪላ ቅጠል ያበዛል፣ ቅርንጫፍ ያረዝማል። ወደ አበባ የሚዞረው ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲደርቅ ነው። አንቺ ግን በጥቅምትም በኅዳርም ክረምቱን አስቀጠልሽበት።

ስለዚህ በመጀመሪያ ባልዲውን አስቀምጪ። ሥር የያዘ ቡጋንቪላ በበጋም ቢሆን በሳምንት አንዴ ከጠጣ ይበቃዋል። ቅጠሉ ትንሽ ጠውለግ እስኪል ጠብቂና አርክተሽ አጠጪው። ሁለተኛ፣ ፍጉን ለአንድ ዓመት ተዪው። ዩሪያ ከሆነማ በአጠገቡ አይለፍ፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያፋፋል። ሦስተኛ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል እነዚያን ጎረቤት የገቡ ረጃጅም ቅርንጫፎች ግረዣቸው። አበባው የሚመጣው ከአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ከተረፉት ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚሮጡትን ወደ ጎን አጋድመሽ አጥሩ ላይ እሰሪያቸው። የተጋደመ ቅርንጫፍ በየአንጓው ስለሚያቆጠቁጥ አበባው ይበዛል።

የፀሐዩን ነገር አልነገርሽኝም። በቀን ቢያንስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ካላገኘ ከላይ ያልኩት ሁሉ ዋጋ የለውም። ማንጎ ሥር ከተከልሽው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከማንጎው ጋር ነው ጉዳይሽ።

አንዴ ካበበ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያምራል። ምክንያቱም ያ ቀይና ሐምራዊው ነገር ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ የምትታየው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ባሕር ዳር ያየሁትን ፍራንጂፓኒና የድሬዳዋ ዛፍ ግቢዬ ውስጥ ልተክል አስቤያለሁ። ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ አልመክርህም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። የድሬዳዋ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። በስሙ የምንጠራት ድሬዳዋም 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። እናንተ ጋ ችግኙ ሊጸድቅ ይችላል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ግን ጫፉ ይቃጠላል፣ ክረምት ያቆጠቁጣል፣ መልሶ ይቃጠላል። ዓመት ጠብቀህ የምታየው እንጨት ነው።

ፍራንጂፓኒን እሞክራለሁ ካልክ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ፈልግ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ሌሊት ያንን ሙቀት ይመልሳል። ቡጋንቪላም እዚያው ቦታ ላይ ይደፍራል።

የሞቃት አገር መልክ ያለውና ብርድ የሚችል ከፈለግክ ግን ካና ትከል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረውም ሥሩ አይሞትም፤ ቆርጠህ ስትጥለው እንደገና ይነሣል። ትልልቅ አበባው ወደ ታች የሚንጠለጠለው የመለከት አበባም ከአንዲስ ተራሮች የመጣ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል። ስለ መርዙ ግን ከታች ያለውን ሳታነብ እንዳትተክለው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ገና ሲደርስ የሚቀላው ፖይንሴቲያ አለኝ። ዘንድሮ ግማሹ ቀልቶ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። በሽታ ነው?

መልስ፦ አረንጓዴ በቀረው በኩል የመንገድ መብራት ወይም የበረንዳ አምፖል አለ? እንዳለ እገምታለሁ።

ፖይንሴቲያ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሌሊታችን ከቀኑ መርዘም ይጀምራል፤ ተክሉም ያንን ቆጥሮ ለአበባ ይዘጋጃል። ሌሊት መብራት የሚያርፍበት ወገን ግን ጨለማውን ስለማያገኝ ወቅቱን ይስታል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያ በኩል ያለውን አምፖል በጊዜ አጥፉ። የመንገድ መብራት ከሆነ ተክሉን ማዛወር ይቀላል። ከቅርንጫፉ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ ወተቱ እስኪደርቅ አቆዩትና ሌሊት መብራት የማያርፍበት ጥግ ላይ ትከሉት፤ በቀላሉ ይጸድቃል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ሂቢስከሴ እምቡጥ ያወጣና ሳይፈካ ይረግፋል። የፈካውም በማግስቱ ይጠወልጋል።

መልስ፦ ሁለተኛው ጤና ነው። ብዙው ሂቢስከስ አበባው የአንድ ቀን ነው፤ ዛሬ ፈክቶ ነገ ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይተካል። እምቡጡ መርገፉ ግን ምክንያት አለው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው፦ አንድ ሳምንት ረስቶ በማግስቱ ማጥለቅለቅ። ሂቢስከስ እንደ ቡጋንቪላ ጥማት አይወድም፤ በበጋ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በመጠኑ አጠጡት፣ ሥሩንም በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ ወይም ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካለ ጭማቂውን እየመጠጠው ነው። ጉንዳን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ካያችሁ ደግሞ መኖሩን እርግጠኛ ሁኑ፤ ጉንዳኑ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚመላለሰው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና ፀሐይ ስትበርድ የቅጠሉን ጀርባ እርጩት። በመጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩ። በሳምንቱ ድገሙት። እዚህ ደረጃ ላይ መርዝ ልግዛ የሚል ሰው አይገባኝም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሐይቁ ላይ ያለው ሐምራዊ አበባ በጣም ያምራል። በግቢዬ ገንዳ ውስጥ ትንሽ ባሳድገው ምን ይላሉ?

መልስ፦ እምቦጭ ነው የምትለው ልጄ። አይሆንም።

ማማሩን አልክድም። ከአማዞን ወጥቶ ዓለምን የዞረው ሰው ለጌጥ እያለ ስለወሰደው ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም ገደማ ከታወቀ ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በእነ ደንቢያና ፎገራ በኩል ገበሬው ወገቡን ታጥቆ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ገንዳህ አንድ ቀን ሞልቶ ቢፈስ፣ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ከሐይቁ ዳር አንዲት ቅጠል ይዞ የሚመጣ ሰው ካየህም ተቆጣው።

ገንዳው እንዲያምርልህ ከፈለግክ የውሃ ሊሊ አለልህ። ሥሯን በአፈር በተሞላ ሰፌድ መሰል ዕቃ ተክለህ ታሰጥማታለህ፤ ሙሉ ፀሐይ ትወዳለች። ግን ትናንሽ ዓሣዎች ጨምርበት። የቆመ ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል፣ ባሕር ዳር ደግሞ የወባ አገር ናት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ሁለት ትንንሽ ልጆችና ፍየሎች አሉኝ። ከአበቦቹ መርዝ ያለው የትኛው ነው?

መልስ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቢበዛልኝ ደስ ይለኛል።

ኦሊያንደር ግቢሽ አይግባ። ቅጠሉ ቀጭን ረጅም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ አበባውም ልብ የሚመታ መርዝ አለው፤ ሰውም ከብትም ይገድላል። ከተገረዘ በኋላ እንኳን እንጨቱ እሳት ውስጥ አይገባም፣ ጭሱ ይጎዳል። የመለከት አበባ ደግሞ የምናውቀው የአስተናግር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሥራቸውም አንድ ነው፣ አእምሮ ያናጋል። ትልቅ ሰው ብቻ ያለበት ግቢ ይተከል፣ ያንቺ ይቅር።

ፖይንሴቲያ የቅንጭብና የቁልቋል ወገን ነው። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ያቃጥላል፤ ግን ስሙ እንደሚወራበት ገዳይ አይደለም። ሂቢስከስ፣ ካናና ቡጋንቪላ አያሰጉም፤ ቡጋንቪላ እሾሁ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ሰው አዲስ አበባ ሲያይ መርዝ ይፈራል፣ አጥሩ ሥር የበቀለውን ጉሎ ግን ማንም አያይም። የጉሎ ፍሬ ለልጅ እጅግ አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ አፈራችን ዋልካ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ ጥሩ አፈር ሞልቼ ብተክልም ክረምት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል።

መልስ፦ ጉድጓዱ ነው የገደለው። ዋልካ መሃል ልል አፈር ስትሞላ ዙሪያው ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ድስት ይሆናል፤ ዝናቡ ይጠራቀምና ተክሉ ውስጡ ይቀቀላል። ገበሬው እኮ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ በመደብ ከፍ አድርጎ ውሃውን ያጠነፍፋል። አንተም ወደ ታች መቆፈሩን ተውና ከመሬት በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መደብ ሥራ፤ ዋልካውን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር አዋህድ። ዙሪያውን በድንጋይ ደግፈው። ቡጋንቪላና ፍራንጂፓኒ መደቡ ላይ ይውጡ። ካና ግን ታች ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይም አይከፋውም።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ሮዝ ነው ተብዬ የገዛሁት ሃይድራንጂያ ሰማያዊ አበበ። ሻጩ አታለለኝ?

መልስ፦ አላታለለህም። የአዊ አፈር አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በቀላሉ ወደ ተክሉ ስለሚገባ አበባውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ሮዙን ከፈለግክ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነውን ኖራ በትንሹ ጨምርበት፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እኔ ብሆን ሰማያዊውን አልነካውም። ስንቱ ሰው ይህን ቀለም ፈልጎ አጥቷል!

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳ ላይ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ቡጋንቪላ። ሥሩ ሲጨናነቅ እንዲያውም ያብባል። የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል፤ ታቹን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ስታዛውሩት ብቻ ሥሩን አታራግፉ፤ ቀጫጭን ሥሮቹ በቀላሉ ይበጠሳሉ። የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ቅደዱና አፈሩን ሳትበትኑ አስገቡት። ውሃው ታች ፎቅ የተሰጣ ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ሳህን አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ሰላም የላችሁም።

አጫጭሮቹን ደግሞ በአንድ ላይ ልመልስ።

የጠላ አተላ ለአበባ ይሆናል ወይ ላላችሁኝ፦ በቀጥታ አይሆንም፤ ይኮመጥጣል፣ ዝንብም ይጠራል። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር ይግባ። አመድ? ለእንጅባራና ለመሰሉት በልክ ይጠቅማል፣ ለዋልካ አያስፈልግም።

የገነት ወፍ የሚባለው አበባ ለምን ዘገየ? ከዘር ከተነሣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል። የደቡብ አፍሪካ ተክል ነው፤ የሙዝና የኮባ የሩቅ ዘመድም ነው። ከጎኑ የወጣውን ቡቃያ ገንጥላችሁ ብትተክሉ ይፈጥናል፤ ጠልቆ አይተከል።

ፍራንጂፓኒ ቆርጬ ስተክል ይበሰብሳል፦ ቁራጩን ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አድርቀው። ቁስሉ ሲደፈን አሸዋማ አፈር ላይ ትከለው። ጊዜውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ሐምሌ ላይ ከተከልከው መበስበሱ አይቀርም።

የአገራችን የሆነ ደማቅ አበባ የለም ወይ? እንዴት አይኖርም፣ ቆርች አለ! ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ሲለብስ ከድሬዳዋ ዛፍ አያንስም፤ ወይና ደጋውም ይስማማዋል። ግንድ ቆርጦ እንደ አጥር እንጨት መትከል ብቻ ነው። ከቤቱ ግን ራቅ ይበል፣ እሾሃም ነው።

የመንገድ ዳሩን ቡጋንቪላ ልቆርጥ ያልከው ደግሞ፣ አትክልተኞቹ በሚገርዙበት ቀን ሄደህ ጠይቃቸው። የሚጣለውን ቁልል ነው የሚሰጡህ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን ምረጥ፣ ስንዝር አድርገህ ቁረጥ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበረው፤ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ምልክት አድርግ፣ ተዘቅዝቆ የተተከለ አይበቅልም።