ቡናማ አስቤ የቀባሁት ፀጉሬ ከሰል መሰለ፤ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ዓመት ነው። በጆሮዬ አካባቢና በግንባሬ ላይ ሽበት ስለበዛብኝ ከሱቅ የገዛሁትን የእሽግ ቀለም ቤቴ ውስጥ እየቀባሁ እሸፍነዋለሁ። ባለፈው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ ስቀባ ግን ሽበቱን ብቻ ሳይሆን ፀጉሬን በሙሉ ከሥር እስከ ጫፍ ቀባሁት፤ መመሪያው 30 ደቂቃ ቢልም ሽበቱ በደንብ እንዲይዝልኝ ብዬ አንድ ሰዓት ያህል አቆየሁት። የፈለግሁት ቸኮሌት ዓይነት ቡናማ ነበር፤ የወጣው ድፍን ጥቁር ነው፤ ጫፉማ ከሰል መስሏል። ከአንድ ወር በኋላ የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ። ጎረቤቴ በረኪና በውኃ አቅጥኜ እንድታጠብበት፣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ፈዛዛ ቡናማ ቀለም ገዝቼ እንድደርብበት መክረውኛል። ፀጉሬ ሪላክሰር የተቀባ ነው። የትኛቸውን ልስማ?

ስሜ አይገለጽ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። በረኪና ለጨርቅና ለወለል የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ቀለሙን ለይቶ የሚያወጣ ሳይሆን ፀጉር የተሠራበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ራሱን የሚያፈርስ ነው። ሪላክሰር የፀጉርዎን የውስጥ ማያያዣ ቀድሞ ስላላላው፣ በረኪና ሲጨመርበት ፀጉሩ ማበጠሪያ ላይ እየተበጠሰ ሊቀር፣ የራስ ቆዳዎም ሊቃጠል ይችላል። ቢቀጥንም ያው በረኪና ነው።

የባልደረባዎ ምክር ያን ያህል ጉዳት ባያስከትልም ገንዘብዎን ያስጨርስዎታል እንጂ ፀጉርዎን አያቀልልዎትም። በቋሚ ቀለም እሽግ ውስጥ ሁለት ነገሮች እንዳሉ ልብ ብለው ይሆናል። በአንደኛው ውስጥ ያለው አሞኒያ ወይም እሱን የሚተካው ንጥረ ነገር የፀጉሩን ቅርፊት ሲከፍት፣ ጥቃቅኖቹ የቀለም ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሁለተኛው ዕቃ የሚመጣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ደግሞ እዚያው ውስጥ እርስ በርሳቸው አያይዞ ስለሚያተልቃቸው፣ በገቡበት ቀዳዳ ተመልሰው መውጣት ያቅታቸዋል። አዲስ የሚቀቡት ፈዛዛ ቀለም የተፈጥሮ ቀለምን በመጠኑ ሊያቀልል ይችላል፤ ቀድሞ የገባውን ሰው ሠራሽ ቀለም ግን አያስወጣውም። ቢደርቡበት የሚያገኙት አዲስ የበቀለው ሥር ቀላ ብሎ፣ ቀሪው እንደ ጠቆረ የቀረ ሁለት ዓይነት ፀጉር ነው።

ጫፉ ከሌላው የጠቆረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጫፍ የፀጉር አሮጌው ክፍል ነው፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ ትከሻ ላይ የደረሰ ጫፍ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ፀሐይ፣ ካውያና ሪላክሰር የተፈራረቁበት ነው። እንዲህ የሳሳ ፀጉር ቀለምን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨመሩበት። በካርቶኑ ላይ ያለችው ሴት ፎቶም ብዙዎችን ያሳስታል፤ የእርስዎ ፀጉር ከመቀባቱ በፊት ምን ዓይነት እንደነበረ እሷ አታውቅም።

አሁን የሚጠቅምዎት ፍጥነት ነው፤ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላው ይልቅ በቀላሉ ይለቃል። መጽሔቱ እጅዎ እስኪገባ ጥቂት ቀናት ማለፋቸው ባይቀርም፣ ዛሬም ቢጀምሩ ለውጥ ይኖረዋል። ለቀለም የተቀባ ፀጉር የተዘጋጀውን ሻምፖ ለጊዜው ያስቀምጡትና በፎረፎር ሻምፖ ወይም ጠለቅ አድርጎ በሚያጸዳ ሻምፖ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ አረፋውን አምስት ደቂቃ ያህል እያቆዩ ይታጠቡ። ቀለም ለተቀባ ሰው የፎረፎር ሻምፖ የማይመከረው ቀለም ስለሚያለቅ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ፀጉር ስለሚያደርቅ ግን ቀን እያሳለፉ ይታጠቡበት፤ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላም ኮንዲሽነር ወይም ለጋ ቅቤ ይቀቡ።

ከዚህ ጠንከር ያለ መንገድ ቢፈልጉ ቫይታሚን ሲ አለ። 500 ሚሊ ግራም የሆኑ አሥር እንክብሎችን አድቅቀው ከሻምፖ ጋር ያዋህዱና እርጥብ ፀጉርዎ ላይ፣ በተለይም ጫፉ ላይ ቀብተው በፕላስቲክ ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። አሲድ ስለሆነ የራስ ቆዳዎ ከተላጠ ወይም ከቆሰለ አይሞክሩት። ጥቁሩ ወደ ጥቁር ቡናማ ፈቀቅ ቢልልዎ ተሳክቷል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

ይህም ካልበቃ በመዋቢያ መደብሮች የሚሸጥ ቀለም ማስለቀቂያ አለ። ይህ ከፀጉር ማንጫ ዱቄት የተለየ ነው፤ ተያይዘው የተለቁትን የቀለም ቅንጣቶች መልሶ ያሳንሳቸውና በውኃ እንዲወጡ ያደርጋል እንጂ የተፈጥሮ ቀለምዎን አያነጣም። የበሰበሰ ዕንቁላል ዓይነት ሽታ ስላለው መስኮት ይክፈቱ፤ መመሪያው ያዘዘውን ያህል ረጅም ጊዜ በውኃ ይለቅልቁ፤ በሚገባ ካልተለቀለቀ በፀጉሩ ውስጥ የቀረው ቀለም ተመልሶ ሊጠቁር ይችላልና። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፦ ቀለሙ ሲወጣ ሽበትዎም አብሮ ይገለጣል፤ ፐርኦክሳይዱ የነካው የተፈጥሮ ፀጉርዎም ቀላ ብሎ ይታያል። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁሉንም ከማስለቀቅ ይልቅ ከመሐል እስከ ጫፍ ያለውን ብቻ አለቅቅ ነበር። ጫፉን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማስቆረጥም ከሁሉም ቀላሉ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። የማንጫ ዱቄትን ግን ሪላክሰር ባለበት ፀጉር ላይ በቤትዎ አይንኩት፤ ለሰርጉ የግድ ነው ካሉ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ በመጀመሪያ በአንዲት ዘለላ ላይ ሞክሮ ካየ በኋላ ይወስን።

የተጠቀሙበት ጥቁር ሂና ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ከሆነ ማስለቀቂያውን አይግዙ። እውነተኛ ሂና ቀይ ብርቱካናማ እንጂ ጥቁር አያቀልምም፤ ጥቁር ያደረገው ብዙውን ጊዜ የተጨመረበት ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የብረታ ብረት ጨው ስላለበት ፐርኦክሳይድ ሲነካው ግሎ ፀጉር ሊያቃጥል ይችላል። ካርቶኑን ይዘው ለባለሙያ ያሳዩ።

ፒፒዲ በአብዛኞቹ ጥቁርና ቡናማ ቋሚ ቀለሞች ውስጥም ይገኛል። ሦስት ጊዜ ተቀብተው ምንም ባይሆኑም በአራተኛው ሊያስቆጣዎት ይችላል። በቀባችሁ ማግስት የዐይን ሽፋን የሚያብጥባችሁ ወይም ጆሮ አካባቢ የሚያሳክካችሁ አንባብያን ካላችሁ፣ ሌላ ቀለም ሳትሞክሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የሚቀጥለውን ቀለም ሲገዙ ከሚፈልጉት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ይምረጡ፤ በብዙ እሽጎች ላይ 1 ጥቁር፣ 3 ጥቁር ቡናማ፣ 5 ደግሞ ፈዛዛ ቡናማ ማለት ነው። ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮዎ ጀርባ ጥቂት ቀብተው ይፈትኑት፤ በዕለቱም አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ ይቀቡ፣ ሰዓቱንም በስልክዎ ይሙሉ።