ጋሼ፣ ማሴራቲዋን ልግዛት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተማሪ ሳለሁ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ለጥፌ የኖርኩላት መኪና ተገኘች፤ የ2009 ሞዴል ማሴራቲ ግራንቱሪዝሞ። የሄደችው 38,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሻጩ ላለፉት ሦስት ዓመታት ሸፍኖ ነው ያስቀመጣት። ዋጋዋ ከአንድ አዲስ የቤት መኪና ብዙም አይበልጥም። ባለቤቴ ግን «አብደሃል እንዴ?» እያለችኝ ነው። እውነት አብጃለሁ?

መልስ፦ ትንሽ አብደሃል፤ ግን ብቻህን አይደለህም። የነደፋት ፒኒንፋሪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጄኔቫ ላይ ከታየች ጀምሮ ሞዴና ውስጥ እስከ 2019 ስትመረት መልኳን ብዙም አልነካኩትም፤ ምኑን ይነካኩታል? ቪ8 ሞተሯ ደግሞ ማራኔሎ፣ ፌራሪ ቤት የተሠራ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ስለ ነዳጅ ማሰብ ያቆማል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገና ስትደርስ ሞተር ያስነሳልሃል።

አንተ ግን ቀድመህ «እንዳታስነሳት» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን ዳስሰው፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀደም ብለው በወጡት ባለ 4.2 ሊትር ሞተሮች ላይ ቫሪዬተር የሚባለው፣ የካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለው ዕቃ ሲያልቅ፣ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ኳኳ ይልና ወዲያው ዝም ይላል። ጥገናው ርካሽ አይደለም።

ዋናውን ነገር ግን አልነገርከኝም፤ ካምቢዮዋ የትኛው ነው? አንደኛው የጀርመኖቹ ዜድኤፍ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ሌላው «ኤስ» በሚባለው ሞዴል የመጣው ኤምሲ ሺፍት ሲሆን፣ ከውስጡ ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ግን በእግርህ ፋንታ ኮምፒውተር ይረግጥልሃል። መንገዱ ክፍት ሲሆን ደስ ይላል፣ መጨናነቅ ውስጥ ስትገባና ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትል ግን ፍሪሲዮን ይበላል። መሪው ጋ ያሉት የማርሽ መቀየሪያዎች እንዳይሸውዱህ፣ አውቶማቲኩም ላይ ይኖራሉ። ይልቅ ሜዳ ላይ ማርሽ አስገባና ፍሬኑን ልቀቀው። ነዳጅ ሳትሰጣት ቀስ ብላ ከተሳበች አውቶማቲክ ናት። ቆማ ከቀረች ኤምሲ ሺፍት ናት፤ ያኔ ፍሪሲዮኑ ምን ያህል እንደቀረው በመመርመሪያ ኮምፒውተር ሳይነበብልህ ቀብድ እንዳትሰጥ። እኔ በ2009 የመጣችውን «ኤስ አውቶማቲክ» ነው የምመርጠው። ያው 440 የፈረስ ጉልበት አላት፣ እግርህም ኪስህም ያርፋል።

(በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈን ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ ከመኪናዋ ጋር ግማሽ በግማሽ ትግባባላችሁ። የማትግባቡት ሂሳቡ ሲመጣ ነው።)

38,000 ኪሎ ሜትሩን ደግሞ እንደ ምርቃት አትየው። መኪና ቆሞም ያረጃል። ጎማ ነክ ዕቃ ሁሉ ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ዘይቱም ባይነዳ ዕድሜው ይቆጠራል። የጎማዎቹን ጎን እይ፤ 2216 ካለ በ2016፣ በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቀይረው። ወደ 1.9 ቶን የምትጠጋ መኪና ስለሆነች የፊት እግር ቡሾችም (የመጋጠሚያ ጎማዎቹ) ያልቃሉ። ውስጧ ያሉት በተኖች እንደ ማር ቢያጣብቁህ አትደንግጥ፣ ሽፋናቸው ቀልጦ ነው፤ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆንሃል። የሰርቪስ ወረቀት ከሌላት ግን የሻጩን ምላስ አትስማ፣ ጥለህ ሂድ።

ለባለቤትህ፣ የኋላው ወንበር ለአዋቂ ሰው እንደሚበቃ ንገራት፤ በኩፔ፣ በባለ ሁለት በር መኪና፣ ይህ ብርቅ ነው። እኔ ብሆን ከመግዣው ሌላ የዋጋዋን አንድ አምስተኛ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጣለሁ። ያ ገንዘብ ከሌለህ ባለቤትህ ልክ ናት። ካለህ ካምቢዮዋን አረጋግጥና መልሰህ ጻፍልኝ።