«ቴክ ኦፍ» ማውለቅ ነው ወይስ መነሳት?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛው «ቴክ ኦፍ» (take off) ማለት ልብስ ማውለቅ እንደሆነ ተምሬ ነበር። በቅርቡ በአውሮፕላን ስጓዝ የበረራ አስተናጋጇ ይህንኑ ቃል ስትጠቀም ሰምቼ ግራ ተጋባሁ። የትኛው ነው ትክክለኛው ፍቺ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የተማሩትም የሰሙትም ትክክል ነው፤ ፍቺውን የሚወስነው አብሮት የሚመጣው ቃል ነው። ተሳቢው ጫማ፣ ኮት ወይም መነጽር ሲሆን ማውለቅ ማለት ነው፤ ባለቤቱ አውሮፕላን ሆኖ ተሳቢ ከሌለው ግን ከመሬት መነሳት ይሆናል። ከዚሁ ከመነሳት ሐሳብ በመነጨ ፍቺ፣ አዲስ የተከፈተ ንግድ ገበያው ድንገት ሲደራለትም በዚሁ ግስ ይነገራል። ከዋጋ ላይ መቀነስና ከሥራ የዕረፍት ቀን መውሰድም ይባልበታል።

በእኔ እምነት ከፍቺው ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው የቃላቱ አሰካክ ነው። «ጫማህን አውልቅ» ለማለት «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ወይም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ» ቢሉ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በጫማው ስም ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን የግድ በመካከል ተቀምጦ «ቴክ ዜም ኦፍ» መባል አለበት፤ «ቴክ ኦፍ ዜም» ስሕተት ነው።