ካርታ ቆጥሮ ያሸነፈ ይታሰራል እንዴ? ጥያቄና መልስ

ስለ ብላክጃክ (ከካዚኖው ጋር ማን 21 ሳያልፍ ወደ 21 እንደሚጠጋ የሚፎካከሩበት የካርታ ቁማር) እና ስለ አሜሪካ ካዚኖዎች ያሻችሁን ጠይቁኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በቁማርተኞችና በካዚኖዎች መካከል የተካሄዱ ክሶችን ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። የምለው በዋናነት ስለ ኔቫዳ ነው፣ ላስ ቬጋስ ያለችው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርታ መቁጠር ወንጀል ነው?

መልስ፦ አይደለም። የወጡትን ካርታዎች በጭንቅላትህ ይዘህ፣ የቀሩት ካርታዎች ሲመቹህ ብዙ ሳይመቹህ ትንሽ ብታስይዝ ማጭበርበር አይባልም። ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ እንዲያሰላልህ ካደረግክ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ካርታ ላይ ምልክት ማድረግና ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚያስይዙትን የካዚኖ ጠፍጣፋ) መጨመርም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ያባርራሉ?

መልስ፦ ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ! አንድ ኃላፊ ጠጋ ብሎ "ለእኛ ከብደኸናል፣ ብላክጃኩ ይቅርብህ" ይልሃል። ጠንከር ሲል "ዳግም እንዳትደርስ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይነበብልሃል፤ ከዚያ ወዲያ ከተመለስክ በሕገወጥ መግባት ትያዛለህ። ኒው ጀርሲ ላይ ነገሩ ይለያል። ታዋቂው ቆጣሪ ኬን ዩስተን ከስሶ፣ በ1982 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካዚኖ በራሱ ሥልጣን ቆጣሪን ማባረር አይችልም አለ። ስለዚህ የኒው ጀርሲ የቁማር ከተማ በሆነችው አትላንቲክ ሲቲ ላይ ከማባረር ይልቅ ካርታውን ቶሎ ቶሎ ይበውዙብሃል፣ የምታስይዘውንም ይገድቡብሃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሴኩሪቲዎች ከበውኝ "ና ኋላ ክፍል እናውራ" ቢሉኝስ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ መጣ። ማባረር ሌላ፣ መያዝ ሌላ። የኔቫዳ ሕግ ካዚኖ ሰው እንዲይዝ የሚፈቅደው አጭበርብሯል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ያውም በአግባቡና ለተመጣጣኝ ጊዜ ብቻ። ቆጠራ ደግሞ ማጭበርበር አይደለም። ስለዚህ አትከተላቸው። እጅህ ይታይ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግና "ይዛችሁኛል ወይስ መሄድ እችላለሁ?" በል። ሂድ ካሉህ ቺፕህን ይዘህ ውልቅ። ይዘንሃል ካሉ አትታገል፤ ፖሊስ ይጠራልኝ በል፣ ከዚያ ዝም። ምንም አትፈርም። እልህ ይዞህ አንዱን ከገፈተርክማ ከሳሽ የነበርከው ሰውዬ ተከሳሽ ሆነህ ቁጭ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምጫወተው። መታወቂያ የማሳየት ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ለጥበቃ የለብሽም እህቴ። ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ኖሮት ካስቆመሽ ግን ስምሽን መናገር አለብሽ፤ ይህን የኔቫዳ ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 አጽንቶታል። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስትቀበዪም ካዚኖው ለመንግሥት ማሳወቅ ስላለበት መታወቂያ ይጠይቅሻል። ይህን ለማምለጥ ቺፑን ከፋፍለሽ እንዳትመነዝሪ፣ እሱ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ቺፔን አንከፍልም ቢሉስ?

መልስ፦ ክርክሩ 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ካዚኖው ወዲያው ለግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ ማሳወቅ አለበት። ዝም ካሉ አንተው ደውል። በ2000 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐሰተኛ መታወቂያ ለተጫወተ ቆጣሪ እንኳ ፈርዶለታል፤ ያሸነፈው በችሎታው እንጂ በመታወቂያው አይደለም ብሎ። (በሐሰተኛ መታወቂያ ተጫወቱ አላልኩም ታዲያ!)

ጥያቄ፦ ያለአግባብ ቢይዙኝ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንዴታ፣ ነፃነትህን ያለአግባብ በመንፈግ፤ እጃቸውን ካሳረፉብህም በዚያው ጨምረህ። ሰዓቱንና የሰዎቹን ስም በዚያው ቀን ጻፍ። ቪዲዮው ሳይጠፋ ጠበቃህ በደብዳቤ እንዲያዝልህ ይጠይቅ። ካዚኖው የቀደምት አሜሪካውያን ጎሳ ከሆነ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ጎሳዎቹ እንደ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ስላላቸው፣ ብዙ ጊዜ የምትሄደው ወደ ራሳቸው ፍርድ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ታዋቂው ቁማርተኛ ፊል አይቪ ታዲያ ከካዚኖ ጋር በነበረው ክስ ለምን ተሸነፈ?

መልስ፦ እሱ መች ቆጠረ! ለንደን ውስጥ በካርታዎቹ ጀርባ ላይ ያለችውን ጥቃቅን የንድፍ ልዩነት ተጠቅሞ ነው፤ አከፋፋይዋ አንዳንዶቹን እንድታዞርለት አስደረገ፣ እሷ ለምን እንደሆነ አልገባትም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ማጭበርበር ነው አለ፣ 7.7 ሚሊዮን ፓውንዱም ቀረበት። ግን አልታሰረም፤ ክርክሩ የፍትሐ ብሔር ነበር፣ ያውም ከሳሹ ራሱ አይቪ።