«ሽማግሌ ይጨርስ ብዬ ስጠብቅ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ካገባሁ 9 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ሲጠጣ እጁን ያነሳል፣ የመጨረሻውን ጊዜ ግን በቀበቶ ዘለበት መቶኝ ቅንድቤ ተሰፋ። ይሄ ከሆነ ሁለት ወር ከምናምን ሆነው። ፖሊስ ጋ ልሄድ ስል የሱም የኔም ቤተሰብ «ሽማግሌ ይግባበት» አሉኝ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ተቀምጠው አሁን ለሦስተኛ ቀጥረውናል። ከከሰስኩት ልጆቼን ይወስድብኛል፣ ቤቱም በሱ ስም ነው፣ ከታሰረ ደሞ ምን እንበላለን ብዬ ፈራሁ። ፍቺና ፖሊስ አንድ ላይ ይሄዳል ወይስ አንዱ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት «ሁለት ወር ከምናምን» ያልሽውን ነው፣ ሌላውን በኋላ እመለስበታለሁ። በወንጀል ሕጋችን ቀለል ያለ የአካል ጉዳት (አንቀጽ 556) የሚያስከስሰው ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፣ አቤቱታው ደሞ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መግባት አለበት። ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ ሦስት ወሩ አይቆምም። አንድ እናት ሽማግሌዎቹ የጻፉትን የእርቅ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጥታ፣ ባሏ እርቁን አፍርሶ እንደገና መቷት፣ የመጀመሪያውን ዱላ ልክሰስ ስትል ጊዜው በአንድ ሳምንት አልፎ ነበር፣ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ያንቺ ነገር ከዚህ ሊከብድ ይችላል፣ ምክንያቱም ጉዳት ማድረስ በሚችል መሳሪያ ከተመታሽ ያው አንቀጽ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ያኔ የግል አቤቱታ እንኳን ሳይጠበቅ ነው የሚያስከስሰው። ግን የቀበቶ ዘለበቱን መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ እንዴት እንደሚያዩት ቀድመሽ ማወቅ ስለማትችይ፣ ሦስት ወሩ ሳይሞላ፣ ከቻልሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ። የተሰፋሽበት ቦታ ካርድሽ ስላለ በፖሊስ በኩል የሕክምና ማስረጃ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፣ የቅንድብሽን ፎቶ፣ በቴሌግራም «ይቅርታ ሰይጣን ነው» ብሎ ጽፎልሽም ከሆነ እሱንም አታጥፊ። «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ቤታችሁ ተነጋገሩ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አንቀጽ 564ን ጥሪለት፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፍቺውና ወንጀሉ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፣ ሁለት ፋይል ነው፣ ሁለት ችሎት። ወንጀሉን የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ፍቺውን ግን አንቺ ራስሽ ነሽ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የምትከፍቺው። ብዙ ሰው ወንጀሉ ካለቀ በኋላ እፋታለሁ ብሎ ዓመት ይቀመጣል፣ እዛው ቤት፣ ከመታት ሰው ጋር። ምክንያቱም እንዲህ አይነት ክስ ላይ ተጠርጣሪው በዋስ መውጣቱ የተለመደ ነው፣ ሲወጣ ደሞ የሚመጣው ወደናንተ ቤት ነው። እኛ አገር ይሄንን የሚሸፍን ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍተት ነው። ስለዚህ መሸሸጊያው የቤተሰብ ችሎቱ ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ እንደገባ ፍርድ ቤቱ ስለልጆቹ አያያዝ፣ ስለቀለብና ስለንብረቱ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል፣ ከቤት ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና መውጣቱ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳ ያያል። ፖሊስ ጋ የሰጠሽውን ቃልና የሕክምና ማስረጃውን ኮፒ አድርገሽ እዚህ ፋይል ውስጥም አስገቢ።

ልጆቹን ይወስድብኛል ላልሽው፣ ማንም በአባትነቱ ብቻ አይወስድም፣ ዳኛው የሚያየው የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም፣ የሁለታችሁን አኗኗር ነው፣ እናታቸውን የሚደበድብ አባት ደሞ በዚህ ሚዛን ቀላል አይሆንለትም። ቤቱ በሱ ስም ቢሆንም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ በትዳር ውስጥ የተገኘ ሀብት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቀለብ ተቆርጦለት ያለበቂ ምክንያት አልከፍልም ቢል እሱ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው።

በወንጀሉ ነጻ ቢወጣስ ብለሽ እንዳትፈሪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ካሳ ስትጠይቂ ዳኛው በወንጀል ችሎት ነጻ መባሉ አያስረኝም እንዲል ይፈቅዳል፣ ወንጀል ላይ የሚጠየቀው ማስረጃ በጣም ከባድ ስለሆነ ነው።

ሽማግሌዎቹን አትስደቢ፣ አትጣያቸውም። ድሮ በ1952ቱ ሕግ የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ፍቺ ይወስኑ ነበር፣ አሁን ግን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ እነሱ ማስታረቅ ነው ስራቸው፣ አንቺ ከስሰሽም ማስታረቅ ይችላሉ።

(ለገጣፎና ሱሉልታ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግና ፍርድ ቤት ስላለው የፍቺው ፋይል እዛ ነው የሚከፈተው፣ የወንጀል ሕጉ ግን አንድ ነው።)

ጥያቄ፦ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ ካራ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ «ያላገባ» የሚል ወረቀት አውጥቶ የጋራ ቤታችንን ሸጠው። ካወቅኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ፖሊስ ጋ ክስ አለኝ፣ እሱ እስኪያልቅ እየጠበቅኩ ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ አይጠብቁ። ያገባ ሰው አላገባሁም ብሎ ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ መፈረሙ ወንጀል ነው፣ ይከሰስ፣ ግን እሱ ቢታሰርም ቤቱ አይመለስልዎትም። ቤቱን የሚመልስልዎ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 69 ነው፣ ያለእርስዎ ስምምነት የተደረገው ውል እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችሉት ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደሞ ውሉ በተፈረመ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አንድ ወር ነው የቀረዎት ማለት ነው። የጋብቻ ማስረጃዎትን፣ የሽያጭ ውሉን ኮፒና መቼ እንዳወቁ የሚመሰክሩልዎትን ሰዎች ይዘው ፍርድ ቤት ይግቡ፣ ገዢውንም አብረው ይክሰሱ፣ ቤቱ ለሦስተኛ ሰው እንዳይተላለፍ እግድ የሚጠይቅ ማመልከቻም እዛው ቀን ያስገቡ። የጠበቃ አቅም ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር በነጻ ያማክራል፣ ልጅዎት ነገ ጠዋት ይዛዎት ትሂድ።