ወረቀቱ ከመጣ በኋላ

ከአገሬ ከወጣሁ 26 ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት ሳሎኔ ውስጥ ያደረ፣ በስልክ ያለቀሰ፣ «ጸልዩልኝ» ብሎ እጄን አልለቅም ያለ አዲስ መጪ ብዙ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከነጹት አሥር ለምጻሞች አንዱ ተመልሶ አመሰገነ፤ የእኛ ሒሳብ ከዚያም ያንሳል። ወረቀቱ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የወጣለትን ሰው ከዚያ በኋላ የማገኘው ሠርግ ላይ ነው። ሳልጠይቀው «ሥራ በዛብኝ» ይለኛል። ወረቀት ለምትጠብቁም ለወጣላችሁም የምላችሁ ይህ ነው።

1. ወረቀት። ቀጠሮ አታሳልፉ፣ ያላነበባችሁትን ቅጽ አትፈርሙ፣ የሁሉንም ቅጂ አስቀምጡ። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

2. ሥራ። ትርፍ ሰዓት መሥራት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን «ዕዳዬን ልጨርስና ወደ እግዚአብሔር ቤት እመለሳለሁ» የምትሉኝን አላምናችሁም። ዕዳው ሲያልቅ ቤት ትገዛላችሁ፤ የቤቱ ዕዳ ደግሞ 30 ዓመት ነው።

3. የተመለሰ ጸሎት። ወረቀቴን በጠበቅሁባቸው ሦስት ዓመታት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ። ሌሊት ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ልመናዬን እጽፍበት ነበር። ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ከካርቶን ውስጥ ወጣ። የመጨረሻው ጽሑፍ «ነገ ቀጠሮዬ ነው። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው። ቆጠርሁት፤ 41 ገጽ። በቀጠሮው ቀን ተፈቀደልኝ፣ ጓደኞቼን ሰብስቤ ራት ጋበዝሁ፣ ደብተሩን ግን አልከፈትሁም። ለልመናው ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀ እስክሪብቶ «ተመስገን» ለማለት ቀለም አጣ።

4. ልጆች። እዚህ ላይ ብቆጣ ይቅር በሉኝ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ኢሳይያስ 38ን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በታመምን ቁጥርም እንጠቅሰዋለን። የሚቀጥለውን ምዕራፍ ማን ያነበዋል? ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ። ንጉሡ ደስ ብሎት ብሩንና ወርቁን፣ ቅመሙንና የከበረውን ዘይት፣ መሣሪያ ያለበትን ቤት ሳይቀር አሳያቸው። (እኛም ቤት በገዛን ማግሥት ስልካችንን ከፍተን ከማእድ ቤት እስከ መኪና ማቆሚያው ለዘመድ እናስጎበኛለን። የሰጪው ስም ሳይነሳ ጉብኝቱ ያልቃል።) ነቢዩ ኢሳይያስ ይህ ሁሉ ሀብት ወደ ባቢሎን ይወሰዳል፣ ከልጆችህም ይወስዳሉ ሲለው፣ ሕዝቅያስ በዘመኔ ሰላም ከሆነ መልካም ነው ብሎ መለሰ። ይህን መልስ ሳነብ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ።

አሁን ሒሳብ ሥሩ። ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበር። የተወለደው እንግዲህ በተጨመሩት 15 ዓመታት ውስጥ ነው። አባቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሲያነባ አላየም፤ የሚያውቀው የዳነውንና የበለጸገውን አባት ነው። ይህ ልጅ አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች፣ የባዕድ አምልኮ ቦታዎቹን፣ መልሶ ሠራ። መጽሐፉ ምክንያቱ ይህ ነው አይልም። እኔ ግን አባት ነኝና ሌላ ንባብ አልመጣልኝም።

ልጄ የተወለደችው ወረቀቴ ከመጣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ማክሰኞ ማታ ምንም ሳይደርስብኝ ሳሎን ውስጥ ተንበረከክሁ። የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?»

ጉልበቴን መሬት ላይ ያየችው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ እናቴ ያረፈች ዕለትና ከሥራ የተቀነስሁ ሳምንት። ልጅቷ ጸሎትን የምታውቀው እንደ መርዶ ነው። ይህን ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

እናንተ ደግሞ «ልጆቻችን የራቁት ቋንቋው ስለማይገባቸው ነው» ትላላችሁ። ቋንቋውስ አስተማሪ ቢቀጠር ይገኛል። አባትና እናት ደስ ሲላቸው ማንን እንደሚያመሰግኑ የሚያስተምር ማን ይቀጠራል? ልጁ ሲታመም ካህን ትጠራላችሁ፤ ጥሩ ውጤት ይዞ ሲመጣ ግን ስጦታ ገዝታችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ልጅ ደግሞ የሚያየውን ይይዛል።

ዳንኤልም እንደ እኛ በሰው አገር የኖረ ሰው ነው። በዳርዮስ ዘመን በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር፤ ሥራ ይበዛበታል ማለት ነው። ከንጉሡ በቀር ማንም እንዳይለመን የሚያግደው አዋጅ ሲወጣ ወደ ቤቱ ገብቶ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ፤ ጸለየ፣ አመሰገነም፣ አስቀድሞ ያደርግ እንደነበረው። የአንበሶቹ ጉድጓድ ከመምጣቱ በፊት፣ በደህናው የሹመት ቀን፣ ያው መስኮት ተከፍቶ ነበር። እኔ የምከፍተው መስኮት ዶክተር ሲደውልልኝ ነበር።

5. ስለዚህ ጉዳይ ሳይኖራችሁ ተንበርከኩ፤ በሩን ግን አትዝጉ፣ ልጆቹ ይዩ። ለቤተሰብ ገንዘብ በምትልኩበት ቀን ቢሆን ቀኑን አትረሱትም። ደህና ያለፈ ሳምንትንም ጻፉት።

እኔ ደብተሩን ካቆምሁበት ገጽ ቀጥያለሁ። ባለፈው ሳምንት «መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራዋን አለፈች፤ ተመስገን» ብዬ ጻፍሁ። ልጄ አሁን 19 ዓመቷ ነው፤ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችና ሳቀች።

«ለዚህም ይጸለያል?»

ባታልፍ ኖሮ ስንት እናወጣ እንደነበር ነገርኋት።